ተቆጣጣሪዋ ስታሜና ለእህቷ ማረፊያ ስትመርጥ

አማቴ ስታሜና ሰው አታምንም። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም፤ ራሷም ደረቷን ነፍታ የምትናገረው ነው። በቡልጋሪያ ምድር ባቡር ሠላሳ አራት ዓመት ትኬት ተቆጣጣሪ ሆና ሠርታለች። ከጎርና ኦሪያሆቪትሳ ተነስቶ ወደ ተራራው በሚወጣው መስመር ላይ ስሟን ያልሰማ፣ ሰምቶም ያላማረረ ተሳፋሪ አይገኝም። «ትኬቴ ጠፋብኝ ካሉኝ ሰዎች ውስጥ እውነት የጠፋባቸው ሁለት ብቻ ናቸው» ትላለች። ሁለቱንም ግን ቀጥታቸዋለች።

ባሏን እንኳ ያገኘችው እንዲሁ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ በተማሪ ትኬት ተሳፍሮ ነበር። «እጅህን አሳየኝ» አለችው። አሳያት። «ይሄ የበያጅ እጅ ነው፣ ውረድ!» አለችው፤ ወረደ። በሳምንቱ ሙሉ ትኬት ቆርጦ፣ ፀጉሩን ቅባት ተቀብቶ እዚያው ወንበር ላይ ጠበቃት። ትኬቱን ገልብጣ፣ ወደ ብርሃን አንስታ፣ እውነተኛ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ ነው ፈገግ ያለችለት። እኔ ልጇን ካገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ በጎመን ጠቅልዬ የማቀርብላትን ሥጋ በሹካ ፈልቅቃ ሳታይ አትጎርስም።

የታላቅ እህቷ የዶችካ ነገር በዚህች ሴት እጅ ላይ ወደቀ።

ዶችካ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። እናታቸው ስትሞት ስታሜና ስድስት ዓመቷ፣ ዶችካ አሥራ ስምንት ነበረች። ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ፀጉሯን እየጎነጎነች፣ ጫማዋን እያሰረች። ዶችካ አላገባችም፣ አልወለደችም። ዕድሜዋን ሁሉ በመንደራቸው የኅብረት እርሻ የቲማቲም ማሳ ላይ ጎንበስ ብላ ኖረች፤ ጡረታ ከወጣች በኋላም በገዛ ጓሮዋ እንደዚያው። በየካቲት ወር ግን ማገዶ ልታወጣ ስትል በረዶ አንሸራተታትና ዳሌዋ ተሰበረ። ከሆስፒታል ስትወጣ ስታሜና ወደ ራሷ ቤት አመጣቻት። የስታሜና ቤት ደግሞ ሴቭሊዬቮ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ሁለት ጎረቤቶች ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመው አወጧት።

በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ከአንድ ቀን በቀር አልወረደችም። ስምንት ወር ሙሉ። በፋሲካ ባለቤቴ ሉቦሚር ታቅፎ ወደ ታች አውርዷት ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ከሕንፃው ሥር ሣሩ ላይ ተቀመጠች። መልሶ ሲያወጣት በየደረጃው ታለቅስ ነበር፤ እሱም ወገቡ ተያዘና ሳምንት ተኛ። እኛ ዘንድ እንዳንወስዳት የምንኖረው ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሁለት ክፍል ከሁለት ልጆች ጋር ነው። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ወደ ታች ታያለች። ዝናብ ሲዘንብ «ሽታው እዚህ አይደርስም» ትላለች። ሌላ አቤቱታ የላትም። እኔ በሄድኩ ቁጥር እጄን ይዛ «ቦያና፣ መሬት ላይ አውርዱኝ» ትለኛለች።

የአረጋውያን ማረፊያ እንፈልግላት ብለን ከስታሜና ጋር ተስማማን። ተስማማን ስል፣ በአፏ ተስማማች። በሰኔ የመጀመሪያውን ማረፊያ አየን፤ ኃላፊዋ ብዙ ፈገግ አለች ብላ ተወችው። በነሐሴ ሁለተኛውን አየን። «በረኪና ይሸታል፤ የሚደብቁት ነገር አለ» አለች። ሦስተኛው ምንም አይሸትም ነበር። እሱንስ ምን ልትለው ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። «ሽማግሌ ያለበት ቤት ካልሸተተ፣ ሽማግሌዎቹ የታሉ?» አለችኝ። የመኪናዬን መሪ በቡጢ መታሁት።

አራተኛው ዶብሮቫን በምትባል መንደር ያለ ትንሽ ቤት ነው። ባለቤቷ ኢስክራ ቀድሞ ነርስ ነበረች፤ የእናቷን ቤት አስፍታ ዘጠኝ ሰው ትይዛለች። ፎቅ የለውም። አንድ አልጋ ባዶ ነበር፤ በስልክ ስጠይቃት ሌላ ቤተሰብ እየጠበቀ ስለሆነ ከቅዳሜ በላይ ልታቆይልን እንደማትችል በግልጽ ነገረችኝ። ጥቅምት ሊያልቅ ነው። ይህ ካለፈ ዶችካ የበረዶውን ክረምት እዚያው በረንዳ ላይ፣ ያውም በተዘጋ መስኮት ጀርባ ልታሳልፍ ነው።

ማክሰኞ ሄድን፤ ሳንነግራቸው። መኪናውን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አቁሚው አለችኝ።

«ለምንድን ነው ከደጁ የማላቆመው?» አልኳት።

«እኔ ባቡር ላይ በፊተኛው በር ገብቼ አላውቅም።»

በእግራችን ሄድን። ከኢስክራ አጥር ጎን የአውቶቡስ ፌርማታ አለ፤ ከፌርማታው አጠገብ የሐዘን ወረቀት የሚለጠፍበት ሰሌዳ። ሰው ሲሞት ፎቶግራፉን፣ ስሙንና ዕድሜውን የያዘ ወረቀት በደጁ፣ በዛፉ፣ በፌርማታው ይለጠፋል፤ በአርባው ሌላ፣ በስድስት ወሩ ሌላ፣ በሙት ዓመቱ ሌላ። ሁላችንም መንገድ ስንሄድ እያነበብን ነው የምናልፈው። ስታሜና ግን መነጽሯን አወጣች። ወደ ሰሌዳው ተጠጋች።

«ነይ ቁጠሪ» አለችኝ።

ሰባት ወረቀት። የሁለት ዓመት፣ የስድስት ወር፣ የአራት ዓመት መታሰቢያ። የሰባቱም ወረቀት አንድ ዓይነት፣ ጠርዙ አንድ ዓይነት፣ ጥጉ ላይ ያለችው የሐረግ ቅጠል አንድ ዓይነት። ሁልጊዜ «ከቤተሰቡ» በሚባልበት ቦታ፣ በሰባቱም ላይ «ከኢስክራና ከቤቱ ሰዎች» ይላል።

«አየሽ?» አለች፤ ጣቷን በመጀመሪያው ሟች ግንባር ላይ አድርጋ። «አየሽ!»

«ምኑን?»

«የሐዘን ወረቀት የሚለጥፈው ማነው?»

ወራሽ ነዋ። እኛ ዘንድ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። አጎቴ ሲሞት ሁለቱ ልጆቹ ለየብቻ ወረቀት የለጠፉ ዕለት፣ መንደሩ በሙሉ ቤቱ ፍርድ ቤት እንደሚሄድ ቀብሩ ሳይደርስ ዐወቀ።

«ሰባት ሽማግሌ፣ ሰባት ቤት» አለች ስታሜና። «ሰብስባ ታስፈርማቸዋለች። ቤታችሁን ስጡኝ፣ እስክትሞቱ ልጡራችሁ። ከዚያ ማን ያውቃል፣ በሾርባው ውስጥ ምን እንደምትጨምር!»

«እማማ፣ ወንጀለኛ ብትሆን ስሟን ጽፋ ትለጥፍ ነበር?»

«ዓይኗን በጨው ታጥባለች አልኩሽ እኮ!»

ልስቅ ፈልጌ ነበር፤ ግን የመጦሪያ ውል የሚባለው ነገር ተረት አይደለም። በውል አጽዳቂው በኖተሪ ፊት ስንቱ ሽማግሌ ቤቱን ፈርሞ በባዶ ምድጃ ቀርቷል። እኔም ጥርጣሬው ገባኝ፤ እንደ ጉንፋን ነው የሚጋባው። የኢስክራን በር ስናንኳኳ እኔ ራሴ የሌባ ፊት ለማየት ተዘጋጅቼ ነበር።

የከፈተችልን ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ እጇ እስከ ክንዷ የረጠበ፣ ወፍራም ሴት ናት።

«ቀጠሮ ነበረን እንዴ?» አለች።

«በቀጠሮ የሚታይ ቤት አላይም» አለች ስታሜና።

ኢስክራ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ይግቡ እንግዲያው። ምሳ እያቀረብኩ ስለሆነ ግን ራስዎ ይዙሩ። ያልተቆለፈውን ሁሉ ይክፈቱ፤ የተቆለፈው የመድኃኒት ቁም ሣጥን ብቻ ነው።»

እንዲህ ያለ ነጻነት ስታሜናን ይበልጥ አስጠረጠራት። ደብተሯን አውጥታ ጀመረች። የፍራሽ ጥግ አነሳች። የትራስ ልብስ አሸተተች። በየአልጋው ሥር ያለው ነጠላ ጫማ የባለቤቱ መሆኑን ቁጥሩን እያየች ጠየቀች። የተኙትን ሰዎች ጥፍር አየች፤ ተቆርጧል። ብርድ ልብሱን ገልጣ የአንዷን አሮጊት ተረከዝ ልታይ ስትል አሮጊቷ በእግሯ ልትገፋት ሞከረች፤ እግሯ ደህና ነበር። በየአልጋው ራስጌና በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የጥሪ ደወል አለ። ስታሜና መታጠቢያ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ደወሉን ተጫነች። ሰዓቷን ይዛ እንደቆመች ዐወቅሁ። ኢስክራ ጭልፋዋን እንደያዘች ከኩሽና ሮጣ መጣች።

«ማነው ውስጥ?»

«እኔ ነኝ» አለች አማቴ ከውስጥ።

«ወደቁ?»

«አልወደቅሁም። እየሞከርኩሽ ነው።»

«ስንት ሰከንድ ሆነ?»

«ሃያ ስድስት።»

«ትናንት ከዚህ እፈጥን ነበር፤ ዛሬ ሾርባው ይዞኝ ነው» ብላ ኢስክራ ተመለሰች። እኔ ግድግዳ ላይ ተደግፌ ሳቄን ዋጥኩ።

ቀጥሎ ምስክር መስማት ተጀመረ። ስታሜና ሦስት ሰዎችን ለየብቻ ትናንት ምን እንደበሉ ጠየቀች። ጋንቾ የሚባሉት ሽማግሌ ዓሣ አሉ። አንካ የምትባለው ሴት ዶሮ አለች። ራይና የምትባለው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ እዚህ ቤት ከመጣች ጀምሮ ማንም ምንም አብልቷት እንደማያውቅ ተናገረች። ስታሜና ደብተሯን በድል ዘጋች።

«ሦስት ምስክር፣ ሦስት ቃል!» አለቻት ኢስክራን።

«ዓሣ ነበር። አንካ ዓሣ ስለማትወድ ዶሮ ተሠራላት። ራይና በልታ አፏን ሳትጠርግ ትረሳዋለች፤ በቀን አራት ጊዜ ምሳ ትጠይቀኛለች።»

«ስትጠይቅሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ትንሽ እርጎ እሰጣታለኋ። ‹በልተሻል› ብላት ያዋረድኳት ይመስላታል።»

ስታሜና ይህን ጻፈችና ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረገች። በዚህ መሀል ጋንቾ ከወንበራቸው ሆነው አተኩረው ያዩዋት ነበር።

«አንቺ» አሏት፤ «ድሪያኖቮ ጣቢያ ላይ በዝናብ ያወረድሽኝ ሴትዮ አይደለሽም?»

«ምን ይዘው ነበር?» አለች ስታሜና ቀልጠፍ ብላ።

«የወንድሜን የነጻ መጓጓዣ ወረቀት።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ።»

«አንካ! ነይ እይ! ሙሽራዬን ያስለቀቀችኝ ይህች ናት! ልጅቷን ላጭ ስሄድ ሦስት ሰዓት ዘገየሁ፤ አባቷ ሰካራም ነው ብሎ ለሌላ ሰጣት።»

«ተመስገን በሉላት» አለች አንካ ሾርባዋን እያማሰለች። «የተገላገለችው ልጅቷ ናት።»

ጋንቾ ሳቁና ስታሜናን አጠገባቸው አስቀመጧት። እሷም ምስክር ተገኘ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ውጭ ያለው ወረቀት ምንድን ነው? ለምን ኢስክራ ትለጥፋለች? ቤታችሁንስ አስፈርማችኋለች ወይ?

«ምን ቤት? የኔን ቤት ልጆቼ ሸጠው ስፔን ገቡ» አሉ ጋንቾ። «ወረቀቱማ አብሮን እዚህ ይኖር በነበረው በምላደን ጊዜ ነው የተጀመረው። ምላደን ሞተ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፤ ልጁ ወረቀት አልለጠፈም። እኛ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን በመስኮት ሰሌዳውን እናያለን። ምሳ ይመጣል፤ ማንም አይነካም። ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር ነው፣ ገባሽ? በአራተኛው ቀን ኢስክራ ምንም ሳትናገር ከተማ ሄዳ አሳትማ ለጠፈች። ያኔ በላን።»

«ለኔ ወረቀት የመረጥኩትን ፎቶ ላሳይሽ?» አሉ ጋንቾ፤ ከኪሳቸውም አወጡ። ጥቁር ጺም ያለው የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ነው።

«ማን ይህን አይቶ እሱ ነው ሊል ነው?» አለች አንካ። «የጋንቾ ልጅ ሞተ ብለው ለእሱ ለቅሶ ሊደርሱ ይመጣሉ።»

እኔ ልቤ ረጋ። አፈርኩም። ስታሜናን አየኋት፤ አገጯ አልረገበም። ሰው ሲያሳዝናት ይበልጥ ትጠነቀቃለች፤ ባቡር ላይ ያለቀሱባት ሁሉ ትኬት አልነበራቸውም። ተነስታ ኩሽና ገባች፤ ተከተልኳት።

«አንድ ጥያቄ ቀረኝ» አለቻት ኢስክራን። «የነዚያ የሰባቱ ሰዎች ቤት የት ደረሰ?»

ኢስክራ ድስቱን ከምድጃ አወረደች። እጇን ጠረገች። ፊቷ ላይ ያ ሁሉ ቀልድ የለም።

«ቤታቸውን ልጆቻቸው ይወቁት። አሁን እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሰው ከመቀበሌ በፊት ለሁሉም የምጠይቀው ነው። የእህትዎ ቤት በማን ስም ነው?»

ስታሜና ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«የምጠይቀው ቤት ፈልጌ አይደለም» አለች ኢስክራ። «ምላደንን ያመጣው የገዛ ልጁ ነው። ቤቱን በውል ወስዶ፣ እስክትሞት እጦርሃለሁ ብሎ በኖተሪ ፊት ፈርሞ ነበር። አምጥቶ አወረደው፤ በሁለት ዓመት አንድ ቀን ተመልሶ አላየውም። ሰውዬው ከመስኮቱ ሥር አይነሳም ነበር። ‹ዛሬ ይመጣል?› ሲለኝ ምን እንደምመልስለት አላውቅም ነበር። ስለዚህ አሁን አስቀድሜ ማወቅ አለብኝ። የሚመጣ አለ ወይስ የለም? ቤቱ በማን ስም ነው?»

አማቴ ቦርሳዋን አነሳች። «ቦያና፣ እንሂድ» አለች። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ስትጠይቅ የኖረች ሴት፣ ለአንድ ጥያቄ መልስ አጥታ አንገቷን ደፍታ ስትወጣ አየሁ።

መኪና ውስጥ ገብተን ቁልፉን ሳላዞር ጠየቅኋት። «እማማ፣ የአክስቴ ዶችካ ቤት በማን ስም ነው?»

«በኔ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በመጦሪያ ውል። ለሉቦሚር አልነገርኩትም።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «ራሷ ናት ያመጣችው ሐሳብ። እኔ ፈረምኩ። እስክትሞት በቤቴ እጦራታለሁ ብዬ ፈረምኩ። አሁን ወስጄ ማረፊያ ቤት ባስገባት መንደሩ ምን ይላል? ቤቷን በላች፣ እሷን ጣለች! ይሄን ነው የሚሉት። እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው!»

አማቴን አክብሬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን አልቻልኩም።

«እና የመጀመሪያዋ ሴት ፈገግ ያለችው፣ በረኪናው፣ ሽታው፣ ሁሉም ሰበብ ነበር?»

«ሁሉም ሰበብ አይደለም። በረኪናው ብዙ ነበር።»

«ስምንት ወር ሙሉ አንዲት አሮጊት መሬት ልርገጥ ብላ እየለመነችሽ፣ አንቺ የመንደር ሐሜት ፈርተሽ በረንዳ ላይ አስቀመጥሻት! ሌባ ፍለጋ በየቤቱ ስታዞሪኝ የነበረው ለዚህ ነው?»

ቁልፉን አዙሬ ወደ ሴቭሊዬቮ ነዳሁ፤ እንዲህ ስላልኳትም አልጸጸተኝም።

አራቱን ፎቅ እያረፈች ወጣች። ዶችካ በረንዳው ላይ ጉልበቷ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ተቀምጣለች። ስታሜና ኮቷን ሳታወልቅ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና የዕለቱን ሁሉ ነገረቻት፤ የደወሉን ሃያ ስድስት ሰከንድ ሳይቀር።

«ደረጃ አለው?» አለች ዶችካ።

«የለውም።»

«ግቢውስ? ሲሚንቶ ነው አፈር?»

«አፈር ነው። እትዬ፣ ግን እኔ ፈርሜያለሁ እኮ። በኖተሪ ፊት በቤቴ እጦርሻለሁ ብዬ...»

«ምን?»

«ውሉን ነው የምልሽ። ቤትሽን የወሰድኩበትን።»

የዶችካ ድምፅ ቁጣም ልቅሶም ነበረበት። «ለዚያ ወረቀት ነው እንዴ ስምንት ወር እዚህ የሰቀልሽኝ?»

«ሰው ምን ይላል ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«የትኛው ሰው? ጎረቤቴ ኔዴልቾ ሞቷል። ያቺ ምላሳሟ ፀነና ልጇ ዘንድ ሶፊያ ሄዳለች። መንደሩ ውስጥ የቀረው የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛና ድመት ነው። ድመቷ ልታማሽ ነው?» ዓይኗን በብርድ ልብሱ ጥግ ጠረገች። «ቤቱን የሰጠሁሽ ያሳደግኩት ሌላ ልጅ ስለሌለኝ ነው፤ እንድትጠብቂኝ አይደለም። ስታሜና፣ እኔ እስረኛሽ አይደለሁም። አውርጂኝ።»

ስታሜና ያን ጊዜ የታላቅ እህቷን ጉልበት አቅፋ አለቀሰች። እኔ ወደ ኩሽና ገብቼ ለኢስክራ ደወልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ጎረቤቶችና ሉቦሚር በወንበር አወረዷት። ዶብሮቫን ስንደርስ ኢስክራ ግቢው ውስጥ ለክረምት በርበሬ ታስጠብሳለች፤ ጢሱ መንገዱ ድረስ ወጥቷል። ከሽማግሌዎቹ የቻሉት ጠረጴዛ ከበው የተጠበሰውን ቀይ በርበሬ ይልጣሉ። ስታሜና ከመኪናው እንደወረደች ወደ ኢስክራ ሄዳ ሦስት ገጽ ጽሑፍ ሰጠቻት፤ መድኃኒቱ በየሰዓቱ፣ ዶችካ የማትበላው፣ የምትተኛበት ጎን። ኢስክራ ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ቤቱ በኔ ስም ነው» አለቻት ስታሜና ሳትጠየቅ። «የምመጣው እኔ ነኝ። ሐሙስና እሑድ። አንዳንዴ ደግሞ ሳልናገር።»

«ሳይናገሩ ይምጡ» አለች ኢስክራ። «መታጠቢያ ቤቱን ያውቁታል።»

ዶችካን በምርኩዟ ደግፈን ጠረጴዛው ጋ አደረስናት። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፤ ካልሲዋንም። ብርድ ነው ብዬ ልከለክላት ስል ስታሜና ክንዴን ያዘችኝ። ዶችካ እግሮቿን አፈሩ ላይ አሳረፈችና ጣቶቿን አንቀሳቀሰቻቸው። አንካ ቢላዋ አቀበለቻትና «መላጥ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አንቺ ስትልጪ አየሁሽ» አለች ዶችካ። «ግማሹን ሥጋ ከልጣጩ ጋር እየጣልሽው ነው።»

ጋንቾ ከትከት ብለው ሳቁ፤ ዶችካም ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ሻንጣዋን ክፍሏ አስገብተን፣ አልጋውን አንጥፈን ስንመለስ በርበሬዋ በፊቷ ተቆልሎ ነበር።

«እትዬ፣ እንግዲህ ሄድን!» አለች ስታሜና ከበሩ አጠገብ።

ዶችካ ቀና አላለችም። ቢላዋ የያዘውን እጇን ወደኛ ወዘወዘችና ከአንካ ጋር የጀመረችውን ክርክር ቀጠለች። ስታሜና በሩን ይዛ ቆመች፤ ትዞር ይሆናል ብላ ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። አልዞረችም።

መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። የመንደሩን መጨረሻ ቤት ስናልፍ ወደኔ ዞረች።

«ስትስቅ ሰማሻት?» አለችኝ።

«ሰማሁ፣ እማማ።»

«እኔ ዘንድ ስምንት ወር ስትኖር አንድ ቀን እንዲያ ስቃ አታውቅም።»

ላጽናናት ፈልጌ ነበር። ስቃለች፣ አንቺ አልሰማሽም ይሆናል ልላት አሰብኩ፤ ግን ውሸት ነው፣ ውሸትን ደግሞ ይህች ሴት ከሩቅ ታውቀዋለች። እንባዋን እንዳላይባት ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ ነዳሁ።